ብጉሬን ሳክም ያገኘኝ

በጣሊያን ጊዜ ጠላት ያልነበረበት ሰው አልነበረም። የኔው ግን ባሕር ተሻግሮ አልመጣም፤ እዚሁ ግንባሬ ላይ ነው የበቀለው። ስሙ ብጉር ይባላል።

ብጉር ስላችሁ ዛሬ የምታዩትን፣ ጉንጭ ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ባለቤቱን ግማሽ ቀን መስታወት ፊት የሚያቆመውን ምስኪን ብጉር እንዳታስቡ። የኔው ግንባሬ ላይ ሰፈር የሠራ፣ አገጬ ላይ የተሰለፈ፣ ከአንገቴ ወዲያም ዘመድ አዝማድ ያለው ነበር። አንዱ ሲሞት ሦስቱ ለቅሶ ይመጣሉ፤ ለቅሶ የመጡትም እዚያው ይቀራሉ።

ወዙን ደግሞ አታንሡት። በእኛ አገር «ወዝ አለው» ማለት ምርቃት ነው። እኔ ላይ ግን ምርቃቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ጧት ታጥቤ ከቤት ስወጣ ሰው እመስላለሁ፤ ፀሐይ ግንባሬን እንዳገኘችው ያበራል። በዚህ ላይ እንጀራዬ የቅቤ ንግድ መሆኑን ስትሰሙ እግዜርም ቀልድ እንደሚያውቅ ትረዳላችሁ። ከደጋ፣ ከፈረስ ቤት ገበያ ቅቤ ሰብስቤ፣ በአህያ ጭኜ፣ ቡሬ ወርጄ እሸጣለሁ። አንድ ቀን ቡሬ ገበያ አንዲት ሴትዮ ቅቤዬን በጣታቸው ነካ አድርገው ካሸተቱ በኋላ ቀና ብለው ፊቴን አዩና፣ «ይኸኛውስ ስንት ነው?» አሉኝ። ገበያው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ቤታችን ወጀት ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሏት ከተማ ያኔ ስሟ ወጀት ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ ነን። ለእናቴ ቅቤ የማያድነው በሽታ አልነበረም። ራስ ምታት ቢሆን ቅቤ፣ ቁርጥማት ቢሆን ቅቤ፣ ከሰው ተጣልቼ አኩርፌ ብገባ እንኳ ቅቤ።

«እማዬ፣ ፊቴ እኮ ራሱ ቅቤ ነው» እላታለሁ።

«እሾህን በምን ያወጡታል?» ትለኛለች።

«በእሾህ።»

«ይኸው!» ብላ ግንባሬን ትለቀልቀዋለች።

እንዲህ ሆኜ ሃያ ዓመት ሞላኝ። በዚህ ዓይነት ሰላሳም አርባም ይሞላኝ ነበር፤ የይታይሽ ነገር ባይመጣ።

ይታይሽ የአያ ወርቅነህ ልጅ ናት። አያ ወርቅነህ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ፣ እኔ ወደ ቡሬ ስወርድ በማልፍበት መንገድ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ባለ ብዙ በሬ፣ ባለ ጥቂት ቃል። ከፈረስ ቤት እስከ ቡሬ ስንት ወንዝ፣ ስንት ምንጭ አለ፤ እኔን ውሃ የሚጠማኝ ግን እነሱ በር ላይ ስደርስ ብቻ ነው። ይታይሽ በቅል ውሃ ታወጣልኛለች። እኔ እጠጣለሁ። እሷ ዝም ብላ ታየኛለች። እኔ አህዮቼን አያለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ የተነጋገርነው ይኸንን ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ ቅሉን ስመልስላት፣ «አህዮችህስ አይጠማቸው?» አለችኝ። አልጠጡም ነበር ለካ። ያን ቀን ይችን ልጅ ካላገባሁ አልሁ።

እናቴ ሁለት ሽማግሌ ላከችልኝ። አያ ወርቅነህም ሽማግሎቹን አብልተው፣ አጠጥተው፣ አክብረው እንዲህ ብለው መለሷቸው።

«ልጁ ታታሪ ነው። ዘሩንም አውቀዋለሁ። ፊቱ ግን አልገባኝም። በሽታ ይሁን የእግዜር ቁጣ፣ እኔ አላውቅም። ፊቱ ይጥራና ለገና ይምጣ፤ በቀን ብርሃን አየዋለሁ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ተናደደች። «ብጉር እኮ ሲያገባ ይጠፋል!» አለች። እሷ «ሲያገባ ይጠፋል» ትላለች፤ አያ ወርቅነህ «ሲጠፋ ያገባል» ይላሉ። ሁለቱም አይገናኙም፤ መካከል ላይ የቀረነው እኔና ብጉሬ ነን። የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ጾሙ ሲፈታ ገና ነው። ጊዜዬ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሄድሁት አክስቴ እሜት ጥሩዬ ዘንድ ነው። እሜት ጥሩዬ ሥርና ቅጠል ያውቃሉ፤ የሚያውቁት ግን የትኛው እንደሚያቃጥል ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ፊቴን ለጠፉኝ። ወዲያው እንባዬ ወረደ።

«አቃጠለህ?» አሉኝ።

«አቃጠለኝ፣ አክስቴ!»

«እሰይ! ያዘልሃ።»

«ኧረ እየጠበሰኝ ነው!»

«እሰይ! እሰይ!»

እኔ በጮኽሁ ቁጥር እሳቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሲያነሡልኝ ብጉሩ እንዳለ ነው፤ በብጉሩና በብጉሩ መካከል ደህና የነበረው ቆዳ ብቻ ተላጠ። ቀጥሎ ሎሚ ጨምቄ ተቀብቼ ፀሐይ ላይ ተሰጣሁ፤ እንደ በርበሬ ማለት ነው። መልኬም ወደ በርበሬው ሄደ። ከዚያ አንዱ የእንቁላል ነጩ ወዝ ይመጥጣል አለኝ። በዚህ መካከል ጾሙ ገባ። እንቁላል ፊት ላይ መቀባት ጾም ያስፈታ አያስፈታ እንደሆነ ቸገረኝና የንስሐ አባቴን ልጠይቅ ሄድሁ።

«አባ፣ ፊት ይጾማል?»

አባ ብዙ አሰቡ። ጺማቸውን አሻሹ። «አፍህ ውስጥ ካልገባ አልፈሰክህም» አሉኝ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ልሄድ ስነሣ ደግሞ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝና፣ «ያንተ ፊት ግን ይፈሳል፣ ልጄ። ከንፈርህን ጠበቅ አድርግ» አሉኝ።

ከንፈሬን ጠበቅ አድርጌ አንድ ሳምንት እንቁላል ተቀባሁ። ሲደርቅ ፊቴን ስለሚጨመድደኝ ሰላምታ እንኳ በቅንድቤ ነበር የምሰጥ። ጎረቤት ሁሉ «ልጁ ኮራ» አለ። ብጉሩም ኮራ።

የሚረባ ምክር ያገኘሁት ቡሬ ነው። አያ እንድሪስ የሚባሉ የአባቴ ወዳጅ፣ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ነበሩ። ጨው፣ በርበሬ፣ መርፌ፣ አቡጀዲ ይሸጣሉ። ጣሊያን ቡሬ ከሰፈረ ወዲህ ደግሞ ሳሙና መጣ። ፊቴን ሲያዩ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ይኸን ሁሉ ማን አደረገህ?»

«ዘመድ ነው፣ አያ እንድሪስ።»

አንድ ቢጫ፣ ሽታው ካንድ ክንድ የሚጣራ ሳሙና አወጡና በቅቤ ለወጡኝ። «ስማ፣ እኔ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት የምታጠብ ሰው ነኝ፤ የመታጠብን ነገር አውቃለሁ። በዚህ ሳሙና ግን ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ ያውም በለዘብታ። አትፈትገው። ፊት ነው እንጂ ነጠላ አይደለም። ራስህንም ቅቤ አትቀባ፤ ወርዶ ወርዶ ግንባርህ ላይ ነው የሚያርፈው። በል ሂድ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳሙናው ሠራ። በሦስተኛው ቀን ፊቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቅ ሆነ። እናቴ አይታኝ «ታመምህ እንዴ?» አለችኝ። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ይህ ወግ ባልተወራ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ብዬ አሰብሁ፦ ሁለት ጊዜ መታጠብ ይህን ያህል ካዳነ፣ አሥር ጊዜ ምን ያህል ያድን ይሆን? ላህ ወንዝ ወርጄ መታጠብ ጀመርሁ። እታጠባለሁ፤ እስክደርቅ እጠብቃለሁ፤ ደግሜ እታጠባለሁ። በአሸዋ ሁሉ ፈተግሁት። በሳምንቱ ቆዳዬ እንደ ሽንኩርት መላጥ ጀመረ። ወዙም የተበቀለኝ ይመስል እጥፍ ሆኖ መጣ፤ ብጉሩም ከወዙ ጋር። ያለቀው ሳሙናው ብቻ ነው።

ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጎበዜን ዘመድ ሊጠይቅ ወጀት መጥቶ አገኘሁት። ጎበዜ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ጣሊያኖቹ ከያዙት ወዲህ ቡሬ ካምፕ ካሚዮን ላይ ዕቃ ይጭናል። ወዶ አይደለም፤ ማን ወዶ? ችግሬን ስነግረው ዙሪያውን አየና ከጉያው አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አወጣ። ውስጧ አረንጓዴ ቢጤ፣ እንደ ማር የሚለጠጥ ነገር አለ።

«ምንድን ነው?» አልሁት።

«ግራሶ ይሉታል። ካሚዮኑ እግሩ ሲጮህ ይቀቡታል፤ ዝም ይላል።»

«ለብጉርስ ይሆናል?»

ጎበዜ እንደ ሞኝ አየኝ። «ብረት ዝም ያሰኘ ብጉር ያቅተዋል?»

እናንተ አሁን ትስቃላችሁ። ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ እንቁላልና አሸዋ ላሳለፈ ሰው ግን ይህ ነገር የጠለቀ ዕውቀት ነው የሚመስለው። በማግስቱ ጧት ወደ ቡሬ ገበያ ከመውጣቴ በፊት ከግንባሬ እስከ አገጬ ድረስ ወፈር አድርጌ ተቀባሁት።

ጥሩ ቀን አልነበረም የመረጥሁት። ታኅሣሥ ነው፤ አቧራ ነው፤ እህል የሚወቃበት ጊዜ ነው። ሁለት አህያ ፊት ፊቴ እየሄዱ አቧራውን ያነሡታል፤ እኔ እቀበለዋለሁ። በየአውድማው ስር ሳልፍ ነፋሱ እብቁን ያመጣልኛል። ዝንብም መጣች፤ የመጣችው ግን አልሄደችም። ማንኩሳ ስደርስ ላብስ ብዬ በነጠላዬ ብጠርገው ነጠላው ጠቆረ፤ ፊቴ ንቅንቅ አላለም። በውሃ ብታጠብ ውሃው ፊቴ ላይ ተንከባሎ ሸሸ። የአያ ወርቅነህን በር ያን ቀን ፊቴን ተከናንቤ፣ ጭራሽ ሳልጠማ፣ በሩጫ አለፍሁት። አህዮቹ ግን ልማድ ነውና እዚያው ቆሙ። በስንት ልመና ነዳኋቸው።

ቡሬ መግቢያ ኬላ አለ። ኬላው ላይ የቆመው አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ «ክንብንብህን ግለጥ» አለኝ። ገለጥሁ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ጮኸ። ሌሎቹም መጡ፤ አይተውኝ እነሱም ወደ ኋላ ሄዱ። በኋላ ነጭ ኮት የለበሰ ሐኪም ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። ሐኪሙ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ የዳዊት ንባብ ያህል ተናገረ። ሲጨርስ አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣

«አትጠጋኝ ይላል» አለኝ።

«ይህን ሁሉ የተናገረው?»

«ሌላው ስድብ ነው።»

ፈንጣጣ ነው ተባለ። ከካምፑ ጥግ ካንድ ድንኳን ውስጥ ለብቻዬ አስገቡኝ። ቅቤዬንም በሽታ አለበት ብለው አብረው አሰሩት፤ ድንኳኑ ውስጥ ጓደኛዬ እሱ ብቻ ነበር። አሁን እንደ ቀልድ አወራዋለሁ እንጂ ያን ቀን ቀልድ አልነበረም። በዚያ ካምፕ ገብቶ ያልወጣ ሰው ብዙ ነው። እናቴን አሰብሁ። ገናን አሰብሁ። ፊቴን ረሳሁት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

በማግስቱ ሐኪሙ ጨርቅ ላምባ ነክሮ መጣና ፊቴን ይጠርገኝ ጀመር። ጠረገ፣ ጠረገ፤ ጨርቁን አየ። አሸተተው። በሁለት ጣቱ መካከል አሻሸው። እንደገና አሸተተውና የካሚዮኑን መካኒክ ጠራ። መካኒኩ ጨርቁን እንዳሸተተ ጮኸ። በአንድ ጊዜ ከበሽተኛነት ወደ ሌብነት ተዛወርሁ።

«የመንግሥት ግራሶ ፊትህ ላይ ምን ይሠራል ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው።

«ብጉር አለብኝ፣ ጌታዬ።»

«ማን ሰጠህ ይልሃል።»

ጎበዜ በድንኳኑ በር በኩል ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ ታየኝ። ዓይናችን ተገጣጠመ። ፊቱ አመድ መስሏል። ስሙን ብጠራ ምን እንደሚያደርጉት እሱም እኔም እናውቃለን።

«መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት» አልሁ።

«ወድቆ ያገኘኸውን ሁሉ ፊትህ ላይ ትቀባለህ?»

«ብጉር ያለበት ሰው ይቀባል፣ ጌታዬ።»

አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም ሐኪሙ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ቀድሞት ሳቅ ወጣ። ሲስቅ ልብ ብዬ አየሁት፤ አገጩ ስር፣ ምላጭ በሚያልፍበት በኩል፣ ሦስት ብጉር አለበት። መካኒኩ ግን አልሳቀም። ካሚዮኑን ሁለት ቀን እንዳጥብ ተፈረደብኝ። ስንት ሰው በጅራፍ የተገረፈበት ግቢ ስለሆነ ፍርዱን በደስታ ተቀበልሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በሳሙና ካሚዮን አጠብሁ። ስሄድ ሐኪሙ ለብጉር ይበጃል ብሎ ፊቴን በድኝ ዱቄት ቢጫ እስኪሆን አቦነነኝ፤ ቅቤዬን ግን አልመለሱልኝም። እሱ ሳይድን ቀረ መሰለኝ። ከሳሙናው አንድ ቁራጭ ኪሴ ገባ። እንዴት ገባ አትበሉኝ።

ባዶ አህዮቼን እየነዳሁ ወደ ወጀት ስመለስ ማንኩሳ ሳልደርስ ከጫካው አራት አርበኞች ብቅ አሉ።

አለቃቸው አያ ጥሩነህ ነው። ስሙን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ መልኩን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጎፈሬው ከትከሻው ይሰፋል፤ ቅቤው እየቀለጠ በአንገቱ ይወርዳል። ሰውየው አጠገቤ መጥቶ አሸተተኝ።

«ሰው ሁሉ ላብ ይሸታል» አለ። «አንተ ምነው አበባ አበባ ትሸታለህ?»

«ሳሙና ነው፣ አያ ጥሩነህ።»

«የማን ሳሙና?»

አንዱ አርበኛ ኪሴን ፈትሾ ቁራጩን አወጣ። «የነሱ ነው» አለ። «ሦስት ቀን ካምፕ ውስጥ እንደነበረም ሰምተናል። ፊቱንም እዩት፤ ቢጫ ቀብተው ነው የለቀቁት። ምልክት ነው ይኸ! ባንዳ ነው!»

ጠመንጃ ወደ ደረቴ ዞረ። ከአንዱ ጠላት እጅ በብጉር አምልጬ በወገን እጅ በሳሙና ልሞት ነው።

«ሦስት ቀን ምን ስትሠራ ነበር?» አለኝ አያ ጥሩነህ።

«ብጉሬን ስታከም።»

አያ ጥሩነህ ሰዎቹን ዞሮ አያቸው።

«ለብጉር ብለህ ጠላት ካምፕ ገባህ?»

«ኧረ እኔስ ገበያ ነበር የሄድሁ! ግራሶ ተቀብቼ ነው…» ብዬ ከፌጦው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኋቸው። የእሜት ጥሩዬን እሰይታ፣ የአባን ምክር፣ የአያ እንድሪስን ሳሙና፤ የጎበዜን ስም ብቻ ዘለልሁ። አያ ወርቅነህ ለገና እንደቀጠሩኝ ስነግራቸው ጠመንጃ የደገነብኝ ሰውዬ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አያ ጥሩነህ ግን አልሳቀም። ሌሎቹን «እስቲ ራቅ በሉ» ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ሳሙናው… እውነት ይሠራል?»

«የሰው ምክር ካልጨመሩበት ይሠራል።»

ጎፈሬውን ከፍ አደረገልኝ። እግዜር ያሳያችሁ! ማጅራቱ በሙሉ በብጉር ተወሯል፤ አንዳንዱማ እባጭ ሆኗል። «ዝናር መሸከም አቃተኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «እነዚህ ሰዎች ቢያዩኝ ምን ይሉኛል? ጥይት ያልፈራ በብጉር ጮኸ ይሉኛል።»

ጅረት ወረድን። እኔ የአያ ጥሩነህን ማጅራት አጥባለሁ፤ ራቅ ብሎ አንዱ አርበኛ ጠመንጃውን እንደደገነ ነው፤ «ራቅ በሉ» ተባለ እንጂ «አትደግኑ» አልተባለም። እጄ ትንሽ ጠንከር ስትል አያ ጥሩነህ «ውይ!» ይላል፤ «ውይ» ባለ ቁጥር ጠባቂው ምላጩን ይነካል። እንደዚያ ቀን በለዘብታ አጥቤ አላውቅም። አያ እንድሪስ ቢያዩኝ ይመርቁኝ ነበር።

«ጎፈሬዎን ቅቤ ቢያቆሙለት ደግሞ…» ብዬ ጀመርሁ።

«ጎፈሬዬን?» ብሎ ቀና አለ። ጠባቂውም አብሮት ቀና አለ።

«ቢቀንሱለት» አልሁ። «ጥቂት ብቻ።»

ታጥቦ ሲጨርስ ዝናሩን አንሥቶ ትከሻው ላይ ሞከረው። አንገቱን ወዲህ ወዲያ አደረገ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ እንደ ዳኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፈረደ።

«ሳሙናው ተማርኳል። ሰውየው ይሂድ።»

ቤት ስደርስ ሳሙና የለኝም፤ ቅቤም የለኝም፤ ለምክር የሚሆን ልብም የለኝም። እናቴ አልቅሳ አቀፈችኝና ወዲያው ወደ ቅቤው ቅል ሄደች፤ እጇን ያዝሁ። ከዚያ ወዲያ ጧትና ማታ በንጹሕ ውሃ ተለቃለቅሁ፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም። ሰው ሲደክመው ጠቢብ ይሆናል ለካ። አሥር ቀን ባልሞላ ጊዜ ቁስሉ ደረቀ፣ ልጣጩ ረገፈ፣ ብጉሩም አንዳንዱ ተስፋ ቆረጠ። ጠራ አልልም፤ ግን ሰው ፊት መሰለ።

የገና ዕለት ጧት ስነሣ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አንድ አዲስ ብጉር ወጥቷል። ሽምብራ ያክላል። ለበዓሉ ነው የመጣው።

ቀጠሮ ቀጠሮ ነውና ከአንድ ሽማግሌ ጋር አያ ወርቅነህ ቤት ሄድሁ። እንዳሉትም በቀን ብርሃን አዩኝ። ደጅ አውጥተው ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞሩ፤ የበቅሎ ጥርስ እንደሚያይ ሰው አገጬን ይዘው ወዲህ ወዲያ አደረጉኝ። አፍንጫዬ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኸ አዲስ ነው?»

«ዛሬ ጧት ነው የወጣ፣ አባቴ።»

«እንኳን አደረሰው» አሉ፤ አልሳቁም። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ቀንሷል። ግን ጠርቷል ብዬ አልዋሽም።»

ሽማግሌው «ኧረ ይኸ በሽታ አይደለም፣ ብጉር ነው፤ የጉርምስና ነው» ቢሏቸው አያ ወርቅነህ ተቆጡ።

«ብጉር መሆኑንማ መቼ አጣሁት! ጥንትም አውቃለሁ!»

«ታዲያ ምንድን ነው ችግሩ?»

አያ ወርቅነህ መሬት መሬት አዩ። ያን ጊዜ ይታይሽ ከቤት ወጣች። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ስታስር ነው የማያት፤ እኔ ጨዋነት ነበር የመሰለኝ። እዚያው ደጅ ላይ፣ በአባቷም በሽማግሌውም ፊት፣ ሻሿን ፈታችው። ግንባሯ ከዳር እስከ ዳር ብጉር ነው።

«ችግሩ እኔ ነኝ» አለች። «የሱን በፀሐይ አዩት። የኔን ማን ይየው?»

«ይታይሽ፣ ግቢ!» አሉ አባቷ። ግን ድምፃቸው ጉልበት አጥቷል። እሷም አልገባችም። እሳቸውም መደቡ ላይ ቁጭ አሉና ለሽማግሌው እንደ ንስሐ ነገሯቸው። «ምን ላድርግ ታዲያ? በቤቴ አንድ ብጉራም አለችኝ። ሁለት ብጉራም ተጋብቶ፣ የሚወለደው ልጅ ፊት የት ይገኝለታል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳላቸው፤ ከዚያ ሳል አለመሆኑ ታወቀ። መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አያ ወርቅነህም ትንሽ ተግደርድረው አብረው ሳቁ። ሲበቃቸው ልጃቸውን ቀና ብለው አይተው፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት። ያን ዘመን ይህን የሚጠይቅ አባት ብዙ አልነበረም።

«አህያ ማጠጣት አያውቅም» አለች። «ግን ይማራል።»

«እንግዲህ ጠላ ቅጅልን» አሉና ሽማግሌውን ይዘው ገቡ። እሷ ጠላውን አድርሳላቸው ተመልሳ ወጣች፤ ከመደቡ ወዲያ ጫፍ ተቀመጠች። እኔ ከወዲህ ጫፍ ነኝ። እጄ ሳላስበው አፍንጫዬ ላይ ያለውን ሲነካካ አየችኝ።

«ያምሃል?» አለችኝ።

«ሲነኩት ነው።»

«አትንካው እንግዲህ።»

እጄን ከፊቴ አወረድሁ። የት እንደማኖረው ግን አላወቅሁም።